ዘጠኝ ቀን የፈጀ ፈተና

በእኛ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ተወካይ የሚመረጠው በጭልፋ ነበር። ልማዱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ዕጩዎች ንግግር አያደርጉም፤ ፎቶግራፍም አይለጥፉም። በምርጫው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ነጭ ሽርጥ ታጥቀው ካፌው ውስጥ ከየድስታቸው ኋላ ይቆማሉ። ተማሪው በፈለገው ሰልፍ ገብቶ ምስር ወጡን ይቀበላል፤ የራሱንም የጎረቤቱንም ሳህን አይቶ ይበላል፤ ሲወጣ ባዶ ሳህኑን በወደደው ዕጩ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ሳህን የበዛለት ያሸንፋል።

ስሜ አንጓች ይባላል። ያን ጊዜ የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነበርኩ። የተወዳደርኩትም የክፍል ጓደኞቼ ሳይነግሩኝ ስሜን ስላስገቡ ነው። አብረውኝ ከቆሙት ሁለት ዕጩዎች አንዱ ለመጣው ሁሉ ፈገግ ይላል፤ ሌላው የሁሉንም ሰው ስም ያውቃል። እኔ ፈገግታውም ስሙም ስላልነበረኝ ከሥር እያማሰልኩ ጨለፍኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከላይ የተጨለፈ ውሃ ስበላ ስለኖርኩ ምስሩ የት እንደሚተኛ አውቅ ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛዬ ላይ ሳህኑ ተከምሮ እኔ ከኋላው አልታይም ነበር አሉ።

ተወካይ መሆን ማለት በዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ላይ አንድ ወንበር ማግኘት ማለት ነው። በደንቡ መሠረት ተወካዩ መቀመጥ ይችላል፤ መናገር የሚችለው ግን ሲጠየቅ ብቻ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩትን ተወካዮች እያፈላለግሁ ጠየቅኋቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ተጠይቆ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ከእነሱ አንዱ አሁን በከተማው የታወቀ መሐንዲስ ነው፤ ብዙ አስቦ፣ "ወንበሩ ግን ምቹ ነው" አለኝ።

ዝምታችን ታዲያ በከንቱ አይቀርም ነበር። የጉባኤው ቃለ ጉባኤ ያዥ ወይዘሮ አማከለች የሚባሉ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። በእያንዳንዱ ውሳኔ ሥር፣ "የተማሪዎች ተወካይ ዝም ብለዋል፤ ዝምታ ስምምነት ነው" ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ ሲሆን፣ ተማሪው በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያልተስማማበት ነገር አልነበረም።

በመጀመሪያው ስብሰባዬ የቀረበው ጉዳይ የሰዓት ጉዳይ ነበር። የመምህራኑ የእጅ ሰዓቶች አልስማማ ብለው፣ አንዱ ክፍል ሲገባ ሌላው አልወጣም እያለ፣ ሁለት የታሪክ መምህራን በር ላይ እስከ መገፋፋት ደርሰው ነበር። የሰዓት ጉዳይ ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ ተነሡ። ረጅም፣ ጥንቁቅ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው።

"ከዛሬ ጀምሮ በግቢው ውስጥ ሰዓት ማለት ደወሉ ነው፤ ሌላ ሰዓት የለም" ብለው ሐሳብ አቀረቡ።

ፕሬዚዳንቱ ሐሳቡ ግልጽ ነው አሉ። እጅ ወጣ። እኔም ምቹው ወንበር ላይ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ወይዘሮ አማከለች ጻፉ። እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ያን ያህል ክፉ አልመሰለኝም ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ የማጠቃለያ ፈተናው ደረሰ። ይህ ፈተና በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ያልተገኘበት ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተጀምሮ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል ተብሎ ነበር። ሲጀመር ደወሉ ሦስት ጊዜ ይደወላል፤ ሲያበቃ ሁለት ጊዜ፤ ሌላው ደወል ሁሉ አንድ ጊዜ ነው።

ሰኞ ልክ በሁለት ሰዓት ደወሉ ሦስት ጊዜ ተደወለ።

አዳራሹ አጠገብ የምንኖር ሁሉ እንደሆንን ሆነን ሮጥን። አንዱ የጥርስ ብሩሹን እንደያዘ ገባ፤ ፈታኙ "ብሩሹ ላይ የተጻፈ ነገር አለ?" ብሎ አገላብጦ አይቶ መለሰለት። ከወንዙ ማዶ ባለው ዶርም የሚኖሩት አርባ ሰባት ተማሪዎች ግን ደወሉን አልሰሙም፤ የወንዙ ድምፅ ይውጠዋል። ለሦስት አሥር ጉዳይ ሲል፣ ታጥበውና ተጣጥበው፣ ቀድመን ደረስን ብለው እየተሳሳቁ መጡ። በሩ ተዘግቷል። ዘግይቶ የመጣ የሚገባው የፈተናው ሩብ ጊዜ ሳያልፍ ነው፤ ሩቡ አልፏል ተባሉ።

ፈተናዬን ጨርሼ ስወጣ አርባ ሰባቱም ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። የሚያለቅስም ነበር፤ ብዙዎቹ ግን መሬት መሬት ያያሉ። ከመካከላቸው ሽታዬ የምትባል የፋርማሲ ተማሪ ቀና ብላ አየችኝና፣ "አንጓች፣ ቀድመን ነው እኮ የመጣነው" አለችኝ። ክርክር አልነበረም። እንዲያው እንዳውቅላት ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ልሳነወርቅ ቢሮ ገባሁ።

"ደወሉ ከሰዓቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው የተደወለው" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ደወል ከሰዓት ሊቀድም አይችልም። ሰዓቱ ራሱ እኮ ደወሉ ነው።"

"ፀሐይዋን ያየ ሰው ሁሉ ያውቃል።"

"ፀሐይ በደንቡ ውስጥ የለችም" አሉኝ፤ መሳቢያቸውን ከፍተው ደንቡን አሳዩኝ፤ እውነትም የለችም። ከዚያ አንድ ቅጽ አወጡ። "ቅሬታ ካለሽ ይህን ትሞያለሽ። የሚገባው ግን ቅሬታው ከመፈጠሩ ሦስት ቀን አስቀድሞ ነው።"

"ከመፈጠሩ በፊት እንዴት አውቀዋለሁ?"

"ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ያነሣል" ብለው ቅጹን መልሰው በጥንቃቄ አስገቡት። "በሚመጣው ሰኞ ጉባኤው ስንብታቸውን ያጸድቃል። አንቺም ትገኛለሽ።"

እንደምገኝ አውቃለሁ። ዝም እንደምልም፣ ዝምታዬም እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ደወሉ ሰዓት ይሁን ሲባልም ዝም ያልኩት እኔው ነኝ። 

በማግስቱ ወደ ደወሉ ማማ ሄድኩ። ደዋዩ ጋሽ ቢራራ ይባላሉ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ደውለዋል፤ የሚኖሩትም ከማማው ሥር ባለች የዩኒቨርሲቲው ቤት ነው። ጆሯቸው ከደወሉ ብዛት ስለደከመ ሰው ሲያናግራቸው ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ። ደጃፋቸው ላይ ጨርቅ አጥበው ሲያሰጡ አገኘኋቸው፤ ትንንሽ፣ ነጫጭ ጨርቆች ናቸው። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው አልካዱም። በርጩማ አቀረቡልኝና እሳቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ልጄን ማለዳ ምጥ ያዛት" አሉኝ። "ባሏ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ነው። ጤና ጣቢያው ተራራው ሥር ነው። እየሮጥኩ አቶ ልሳነወርቅ ዘንድ ሄድኩና ለዛሬ ጠዋት ብቻ ሰው ይተኩልኝ አልኳቸው። ሰዓት ፈቃድ አይወጣም አሉኝ። ምን ላድርግ? ልጄ ትጮሃለች። ሳልደውል ብሄድ ፈተናው ሳይጀመር ይቀራል፤ ይህን ሁሉ ልጅ አስቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ሰዓቱን ቀድሜ ደውዬ ሄድኩ። በጋሪ ይዣት ወረድኩ። አዋላጇ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ሁለቱንም አናገኛቸውም ነበር አለችኝ።"

"አሁን ደኅና ናቸው?"

"ደኅና ናቸው። ሴት ናት።" ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ፈገግታቸው ጠፋ። "ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን አላሳሳትኩም። ሰኞ ማታ ነው ልጆቹ እንደቀሩ የሰማሁት። ስሜን ጥቀሺ፣ ልጄ። ተናገሪ። እኔስ ኖሬያለሁ።"

"ቢያባርሩዎት ቤቱንም ይነጥቁዎታል።"

"ይነጥቁኛል።"

ከውስጥ ሕፃኗ አለቀሰች፤ እናትየዋ እሹሩሩ ስትል ተሰማኝ። ጋሽ ቢራራ አልሰሙም። ወዴት እንደማይ አይተው ግን ዞር አሉና፣ "አለቀሰች እንዴ?" አሉኝ።

ያን ሰዓት ነገሩ በእጄ ነበር። ደወሉን ያሳሳተው ሰው መሆኑን አንድ ስም ጠርቼ ብናገር አርባ ሰባት ሰው ይድናል። ቀላል ሒሳብ ነው፤ እኔ ደግሞ ሒሳብ እማራለሁ። ግን አልሠራልኝም። ዘዴ ብለምን አልመጣልኝም። ብቻዬን የምወስነው ጉዳይ እንዳልሆነ የገባኝ ግን እዚያው በርጩማው ላይ ነው። ለአርባ ሰባቱ ብቻ ልንገራቸው ብዬ ጋሽ ቢራራን አስፈቀድኩ። "ንገሪያቸው፤ የተጎዱት እነሱ ናቸው" አሉኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አርባ ሰባቱን ወንዙ ዳር ሰበሰብኳቸው። ግማሾቹ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ነበር። ሁሉንም ነገር፣ የሰማሁትን እንዳለ ነገርኳቸው። ዝምታዬ ጉባኤው ላይ እንዴት እንደተጻፈም ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ፣ "ስሙን ልናገር ወይስ አልናገር? እናንተ ንገሩኝ" አልኳቸው።

መጀመሪያ የተነሣው አለኸኝ ነበር። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቁጣውም ቅርብ ነው።

"ምን ማለትሽ ነው?" አለ። "ለአንድ ሽማግሌ ብለን አርባ ሰባታችን ልንባረር? አባቴ እኔን እዚህ ለመላክ ያደረገውን አንቺ አታውቂም።"

ያለው ሁሉ ትክክል ነው። 

ሽታዬ እጇን አወጣች። "ልጅቷ ተወለደች?"

"ተወለደች።"

"እናቷስ?"

"ደኅና ናት።"

"ሰኞ ጠዋት? እኛ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሳለ?"

"ልክ ያኔ።"

ሽታዬ እልል አለች። እንዲያው ብቻዋን፣ ቀስ ብላ፤ ልጅ ተወልዶ ማንም እልል ሳይል መቅረቱ ነውር መስሏት ይመስለኛል። አጠገቧ ያለችው ተከተለች፤ ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ። ወንዶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው፣ ከዩኒቨርሲቲ ሊባረሩ አምስት ቀን የቀራቸው ሰዎች፣ ለማያውቋት ሕፃን አጨበጨቡ። አለኸኝ ቆሞ ግራ ቀኝ አየ።

"እሺ" አለ በመጨረሻ፣ እጁን እያወዛወዘ። "እሺ፣ አይነገር። ግን ሰውየው ምን ያለ ደዋይ ነው? የመጀመሪያዋን ሦስት ደውሎ ሄደ፤ የማብቂያዋን ሁለትስ? እሷንም በልቶ ቀረ።"

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

"እንደገና በለው" አልኩት።

"ምኑን?"

"አሁን ያልከውን።"

"የማብቂያዋን ሁለት በልቶ ቀረ ነው ያልኩት። ምነው?"

ጋሽ ቢራራ እንደነገሩኝ ከጤና ጣቢያ የተመለሱት ለእራት ደወል ነው። አምስት ሰዓት ላይ፣ የፈተናው ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣ ማማው ላይ ሰው አልነበረም። እኛ ፈታኞቹ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው "ብዕር አስቀምጡ" ስላሉን ነው የወጣነው። በግቢው ውስጥ ሰዓት ማለት ደወል ከሆነ፣ የማብቂያው ደወል ደግሞ ካልተደወለ፣ ያ ፈተና አላለቀም። ሰኞ ጠዋት ተጀምሮ እስከዚያች ደቂቃ፣ ወንዙ ዳር ቆመን እየተነጋገርን፣ እየቀጠለ ነው።

ይህንኑ ነገርኳቸው። ከዚያ ሽታዬ፣ "እንግዲያው እኛ አልቀረንም። ዘግይተናል እንጂ" አለች። አለኸኝ ሻንጣው ላይ ተመልሶ ተቀመጠና እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

የቀረው ችግር እንዴት እንደምጠየቅ ነበር። ካልተጠየቅሁ አልናገርም፤ ካልተናገርኩ ዝም ብያለሁ። አራት ቀን አሰብኩበት።

ሰኞ ጉባኤው ተሰበሰበ። ፕሬዚዳንቱ ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ አጀንዳ በቶሎ ማለቅን የሚወዱ ሰው ናቸው። አጀንዳ ቁጥር ስድስት ላይ ደረሱ። "በማጠቃለያው ፈተና ያልተገኙ አርባ ሰባት ተማሪዎች ይሰናበቱ የሚል ነው። አስተያየት ያለው?" አሉ። የለም። ወይዘሮ አማከለች መነጽራቸውን አድርገው ብዕራቸውን አነሡ።

ሳልኩ።

ሳል ያዘኝ ማለት አልችልም፤ ሳሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ሳልኩ፤ ደገምኩ፤ ቀጠልኩ። ፕሬዚዳንቱ እስኪያልፍልኝ ጠበቁ። አላለፈልኝም። አንዱ መምህር ውሃ ገፋ አደረገልኝ፤ ጠጣሁና ሳልኩ።

"ይጻፍና እንለፍ" አሉ ፕሬዚዳንቱ።

"ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ዝም አላለችም" አሉ ወይዘሮ አማከለች።

"ሳል ነው እኮ።"

"ሳል ዝምታ አይደለም። እኔ ሠላሳ ዓመት የጻፍኩት የሰማሁትን ነው። ዛሬ የሰማሁት ሳል ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?"

ጉባኤው ተያየ። ለዚህ የተዘጋጀ አንቀጽ አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ ወደ እኔ ዞሩና፣ ክፋት በሌለበት ድምፅ፣ "ምን ሆነሽ ነው ልጄ?" አሉኝ።

ሳሌ ቆመ። ወይዘሮ አማከለች እየጻፉ ጮክ ብለው አነበቡ፦ "ፕሬዚዳንቱ የተማሪዎችን ተወካይ ጠየቁ።"

ተነሣሁ።  ለሠላሳ ዓመት የተቀመጡት ሁሉ አብረውኝ የተነሡ ያህል ከበደኝ።

"የሆንኩት ነገር ቢኖር ግራ መጋባት ነው" አልኩ። "ፈተናው መቼ እንዳለቀ አላወቅሁም።"

የፈተና ክፍሉ ኃላፊ፣ "ባለፈው ሰኞ አምስት ሰዓት ነዋ" አለ።

"በምን ሰዓት?"

"በእጅ ሰዓቴ።"

"በግቢው ውስጥ የእጅ ሰዓት የለም" አሉ አቶ ልሳነወርቅ። ሳያስቡት ነው የወጣቸው፤ የራሳቸው ደንብ ሲጣስ ዝም ማለት አይችሉም።

ፕሬዚዳንቱ ወደ እሳቸው ዞሩ። "የማብቂያው ደወል ተደውሏል?"

"አልተደወለም።"

"ለምን?"

 ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ ለእሱ ያዘጋጀሁት መልስ ግን አልነበረኝም። ጋሽ ቢራራ ፈቃድ የጠየቁት አቶ ልሳነወርቅን ነው። የት እንደሄዱም ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አዩኝ። የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ነካ ነካ አደረጉ።

"ደወሉ ያልተደወለው ሰዓቱ ስላልደረሰ ነው" አሉ።

"እንግዲያው ፈተናው አላለቀም?"

"በደንቡ መሠረት አላለቀም።"

አንድ የኬሚስትሪ መምህር ብድግ አለ። "ወረቀቱን እኮ አርሜ ጨርሻለሁ።"

"ያረሙት ያላለቀ ፈተና ነው" አሉ ፕሬዚዳንቱ በሐዘኔታ።

"ቢሆንስ፣ እነዚህ ልጆች ሩቡ ካለፈ በኋላ ነው የደረሱት" አለ የፈተናው ኃላፊ።

"ያላለቀ ነገር ሩቡ የት ላይ እንደሆነ ማንም አያውቅም" አልኩ። "የምማረው ሒሳብ ነው።"

ከዚያ በኋላ ብዙ ተባለ። ጥያቄዎቹን ተማሪው ሁሉ አይቷቸዋል የሚል ተነሣ፤ ፕሬዚዳንቱ ሌላ ጥያቄ ይጨመር አሉ። የኬሚስትሪው መምህር እኔ እጨምራለሁ አለ፤ ጥያቄውን እንደሚያከብደውም ከፊቱ አየሁ። ወረቀታቸውን ቀድመው ያስረከቡት ሁለት ሺህ ተማሪዎችስ የሚል ተነሣ፤ የፈለገ ተመልሶ ይቀጥል ተባለ። ስንብቱ ቀረ። ወይዘሮ አማከለች የመጨረሻዋን መስመር ሲጽፉ ከጎናቸው ነበርኩና አየሁ፦ "የተማሪዎች ተወካይ ተናግረዋል።" ከሥሯ ሁለት ጊዜ አሰመሩባት፤ ለምን እንዳሰመሩ አልጠየቅኋቸውም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ፈተናው በተጀመረ በዘጠነኛው ቀን፣ አርባ ሰባቱ አዳራሹ ገቡ። መግባታቸውን ለማየት ግቢው በሙሉ ወጥቶ ነበር። ሌሎች ሁለት መቶ ያህል ተማሪዎችም ያልመለሷት ጥያቄ ትዝ ብላቸው ተመልሰው ገቡ፤ ያ ጥርሱን ሲቦርሽ የገባው ልጅ በዚህኛው ጊዜ ከረባት አስሮ መጣ።

እኔ ማማው ላይ ወጣሁ። ከላይ ሲታይ የአዳራሹ መስኮቶች በሙሉ ይታያሉ። ጋሽ ቢራራ ገመዱን ይዘው ቆመዋል፤ ልጃቸው ሕፃኗን ታቅፋ ደረጃው አፍ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች።

"መቼ ነው የምደውለው?" አሉኝ ጋሽ ቢራራ። "እስከ ዛሬ ሰዓት ይነግሩኛል፤ እኔ እደውላለሁ። ዛሬ የነገረኝ የለም።"

እኔም አላውቅም ነበር። ይህን ስንባባል ከደረጃው ሥር የሚያለከልክ ሰው ድምፅ ሰማን። አቶ ልሳነወርቅ ናቸው። ማማው ላይ ወጥተው አያውቁም ነበር፤ ግድግዳውን ደግፈው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ቆዩ። ከዚያ ሕፃኗን አዩ።

"ይህች ናት?"

"ናት፣ ጌታዬ" አሉ ጋሽ ቢራራ።

"ስሟን ማን አላችኋት?"

"ጊዜወርቅ" አለች እናቷ።

አቶ ልሳነወርቅ ለአፍታ ወደ ወንዙ አዩ። "ጋሽ ቢራራ፣ የዚያን ዕለት ሰዓት ፈቃድ አይወጣም ብዬዎታለሁ።"

"ብለውኛል።"

"ተሳስቻለሁ የሚባልበት ቅጽ ፈልጌ ነበር። ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለ ቅጽ የለውም።"

"ታዲያ በቃል ይበሉታ።"

"ተሳስቻለሁ" አሉ አቶ ልሳነወርቅ። ልክ እንደ ደንብ፣ ቃል በቃል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው የግራ እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። የእጅ ሰዓት አስረዋል። "ያን ቀን ደወሉ ሲደወል አይቼው ነበር። ሁለት ሰዓት ይላል። አይቼ እጅጌዬን መልሼ ሸፈንኩት። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።"

 ጋሽ ቢራራ ጎንበስ ብለው ያዳምጡ ነበርና፣ "መቼ ልደውል?" ብለው እንደገና ጠየቁ።

"የመጨረሻው ተማሪ ብዕሩን ሲያስቀምጥ" አሉ አቶ ልሳነወርቅ፤ ሰዓታቸውን ግን አላዩም።

ቆመን ጠበቅን። አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። አለኸኝ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ወጣ። እኩለ ቀን አለፈ። ሌሎቹ ሁሉ ወጥተው ሽታዬ ብቻ ቀረች። በመስኮቱ ትታየናለች፤ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች፤ ትሰርዛለች፤ ትጽፋለች። ፈታኙ አላጣደፋትም፤ በምን ሰዓት ያጣድፋታል? ግቢው ውስጥ ያለው ሕዝብ ሁሉ ሳሩ ላይ ተቀምጦ እሷን ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ገልብጣ አየች፤ መልሳ ገለበጠች፤ ብዕሯን አስቀመጠች።

ጋሽ ቢራራ ሁለት ጊዜ ደወሉ።

ከሥር የተነሣው ጩኸት ሕፃኗን ቀሰቀሳት። ሽታዬ በሩ ላይ ብቅ ስትል በትከሻቸው አነሷት፤ እሷም እየሳቀች "አውርዱኝ፣ ርቦኛል" ትል ነበር። ከካፌው ሠራተኞች አንዷ ሳህን ይዛላት መጣችና እዚያው ትከሻ ላይ እንዳለች ጎረሰች። ከዚያ ሕዝቡ ማማው ሥር መጥቶ ጋሽ ቢራራን ጠራ። እሳቸው መጠራታቸውን አልሰሙም፤ አቶ ልሳነወርቅ ናቸው በምልክት ነግረዋቸው እጃቸውን ይዘው ያወረዷቸው። ለምን እንደሚጨበጨብላቸው አርባ ሰባቱ ብቻ ያውቃሉ፤ ሌላው ሰው ሲጨበጨብ አይቶ አጨበጨበ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጉባኤው ተወካይዋ እንደገና እንዳትስል ብሎ መላ አበጀ። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው አጀንዳ ቁጥር አንድ፣ "ተወካይዋ ምን ሆና ነው?" የሚል ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ያነቡታል፤ እኔም የሆንኩትን እናገራለሁ። የዶርሙን ድልድይ ተናገርኩ፣ የቤተ መጻሕፍቱን መብራት ተናገርኩ፣ ደወል በሌለበት ደግሞ ፀሐይ እንድትታይ ተናገርኩ። ፀሐይ በስድስት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ደንቡ ውስጥ ገባች።

ውጤት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈበት ቀን እየሮጥኩ ደረስኩ። ከአርባ ሰባቱ አርባ አራቱ አልፈዋል፤ ሽታዬ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። ሦስቱ ወድቀዋል። ከሦስቱ አንዱ አለኸኝ ነው። የተፈተነ ሰው ቢወድቅ ዓመቱን ይደግማል እንጂ አይባረርም፤ ቢሆንም ፊቱን እንዴት እንደማየው እያሰብኩ ዞር ስል ከኋላዬ ቆሟል።

"አየሽው?" አለኝ።

"አየሁት። አለኸኝ፣ ጥያቄው ተጨምሮ ከብዶ ነበር፤ ለጉባኤው ማመልከት እንችላለን። ነገ ጠዋት..."

"ምን ልትዪ?"

"ፈተናው ትክክል አልነበረም እላለሁ።"

"ትክክል ነበር" አለ። "አላጠናሁም። ያን ሳምንት ሙሉ ሻንጣዬን ሳስርና ስፈታ ነው የከረምኩት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ኳስ ስጫወት። ሽታዬ በዚያው ሳምንት ታጠና ነበር። ሦስተኛውን ጥያቄ አንብቤ ምንም አላውቅም፤ አራተኛውንም አላውቅም። በሩ ተከፍቶልኝ፣ ገብቼ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በራሴ ነው የወደቅሁት።" ሰሌዳው ላይ በጣቱ ስሙን ነካ። "ይሄኛው የኔ ነው፣ አንጓች። ማንም አልወሰደብኝም።"

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም። እሱ ግን ይስቅ ነበር። የሚያልፈውን ሁሉ እያስቆመ፣ "እየው፣ ወደቅሁ" እያለ ስሙን ያሳያል፤ ሰዉ "አይዞህ" ሊለው ሲጀምር ፊቱን አይቶ እንኳን ደስ አለህ ይለዋል። ለአባቱ ሊደውል ሲሄድ አብሬው ሄድኩ።